የአባቴ ኮት ከሥራ መቼ ይገባል?

ለክቡር አቶ ኣስመላሽ
የጋራ ሰነዶች ማደራጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
መቐለ

ጉዳዩ፦ በወንበሬ ላይ ተቀምጦ የሚገኘው የአባቴ ኮት ለእሑድ ሠርግ እንዲለቀቅልን ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎ እና ለኮትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። የት እንደሚያገኝዎ ግን እኔም ሆንሁ ጸሐፊዎ ወይዘሮ ኣረጋሽ በእርግጠኝነት ስለማናውቅ፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ አንብቦ ባገኘዎ ዕለት እንዲነግርዎ ደብዳቤውን ግልጽ አድርጌዋለሁ። ለድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ትምኒት ኣባዲ እባላለሁ፤ በሚመሩት ጽሕፈት ቤት የሰነድ ምዝገባ ሠራተኛ ነኝ። ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ በዚህ አልቀየምም። ኮቴን ግን በሚገባ ያውቁታል። ቡናማ፣ ትከሻው ሰፊ፣ የወንድ ኮት ነው፤ በቅርቡ እጅጌውን ጨብጠው አብረውት ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ ፎቶግራፉም በዋናው መግቢያ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ኮቱ የእኔ ሳይሆን የአባቴ መሆኑን፣ እሑድም ለሠርግ እንደሚፈለግ በትሕትና ለማስረዳት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ባለፈው ዓመት የቤታችን ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ የዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞች እግዚአብሔር ይስጣቸውና ከሞት አትርፈው ወደ ቤታችን ወደ ቁሓ ቢመልሱልኝም፣ ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋው መነሣት አይችልም። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሌላ ሰው የለም። ያኔ የአስታማሚ ፈቃድ እንዲሰጠኝ ባመለክት ጽሕፈት ቤትዎ «ጥያቄዎ በታላቅ አዘኔታ ታይቶ ተቀባይነት አላገኘም» የሚል መልስ ልኮልኛል። ስለ አዘኔታው በዚህ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

ከሥራና ከአባቴ አንዱን ልመርጥ ስል ያዳነኝ የኮምፒውተር ባለሙያችን ቀለሙ ነው። ቀለሙ ከጎንደር ለትምህርት መጥቶ መቐለን ወድዶ የቀረ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። የቢሮዬን ኮምፒውተር በድረ ገጽ መክፈቻ በኩል ከየትም ሆኜ እንድጠቀምበት አስተካከለልኝ። እኔ ቁሓ በአባቴ አልጋ ግርጌ ተቀምጬ፣ በቤቴ ላፕቶፕ ላይ እንደማንኛውም ድረ ገጽ አንድ አድራሻ እጽፋለሁ፤ ስሜንና የይለፍ ቃሌን አስገባለሁ፤ መቐለ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ያለው የቢሮዬ ኮምፒውተር እንዳለ ፊቴ ላይ ይከፈታል። መዝገቡ፣ ፋይሉ፣ ማተሚያው ሁሉ በእጄ ነው። እዚህ ማውሱን ሳንቀሳቅስ እዚያ ጠቋሚው ይንቀሳቀሳል። አውሮፕላን በጣራችን ላይ ሲያልፍ አባቴ ጆሮውን ይይዛል፣ እኔ ግን ሰነድ እመዘግባለሁ። ለጥቂት ጊዜ እጄን ካነሣሁ ሲስተሙ «አሁንም አሉ?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ «አዎ» የሚለውን እጫናለሁ፤ ያምነኛል። በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ መኖር አለመኖሬን ጠይቆኝ መልሴን የሚቀበል እርሱ ብቻ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

እርስዎም አሠራሩን መርቀው ከፍተው፣ ሪባን ቆርጠው፣ «ከእንግዲህ ቢሮ ማለት ቦታ ሳይሆን ሥራ ነው» ብለው ያደረጉትን ንግግር በዚያው በላፕቶፔ ተከታትዬ በደስታ አልቅሻለሁ። አባቴም ከአልጋው ሆኖ አጨብጭቦልዎታል። ጭብጨባውን እንዲመልሱልን አንጠይቅም።

ቀጥሎ የመጣው መመሪያዎ ነው። ከበላይ አካል የመጡ እንግዶች ባዶ ወንበሮችን አይተው ግንባራቸውን ቋጠሩ አሉ። እርስዎም በማግሥቱ «በርቀት የሚሠራ ማንኛውም ሠራተኛ ኮቱን በወንበሩ ላይ አኑሮ መገኘቱን ያረጋግጥ፤ ኮቱ በወንበሩ ላይ ያልተገኘ ሠራተኛ እንደቀረ ይቆጠራል» የሚል መመሪያ አወጡ። አንዳንዶች ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም በዚህ ከተማ ጉዳይ ለማስፈጸም የሄደ ሰው ሁሉ «ኮታቸው አለ፣ አሁን ይመጣሉ» ተብሎ ሲጠብቅ ውሎ መግባቱን አውቃለሁ። እርስዎ ያደረጉት ነገር ቢኖር ስንኖርበት የቆየነውን ልማድ በማኅተም ማጽናት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቅንነት በስንት ኃላፊ ይገኛል?

እኔ ኮት የለኝም፤ ሹራብና ነጠላ ነው የምለብሰው። በነጠላ እንዲያልፍልኝ ብጠይቅ መመሪያው «ኮት» ይላል ተባልሁ። ስለዚህ ከአባቴ ቁም ሣጥን ቡናማውን ኮት አውጥቼ በባጃጅ ላክሁት። አባቴ መጀመሪያ ፊቱን አጠቆረ። ያ ኮት ሾፌርነቱን ትቶ ከመኪና በወረደ ዓመት በልኩ ያሰፋው፣ ሠርግ ሁሉ የሚሄድበት ነው። ይሁን እንጂ የልጁ እንጀራ መሆኑን ሳስረዳው «እንግዲያው ይሂድ፣ ሥራ ነውር አይደለም» ብሎ በእጁ አቧራውን አራግፎ ሰደደው። መስከረም ላይ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንደማይነበብ መዝገብ ቤት ስለሠራሁ አውቃለሁ።

1ኛ. ኮቱ ጠዋት ጠዋት እንደተገኘ፣ እኔ ግን እንደቀረሁ ተደርጎ መመዝገብ መጀመሩ ነው። የሰዓት ተቆጣጣሪው አመክንዮ እንከን የለውም። ወንበሩ አንድ ነው፤ በአንድ ወንበር ሁለት ሰው አይቀመጥም፤ ኮቱ ተቀምጧል፤ ስለዚህ እኔ የለሁም። በዚያ ሰሞን በምድር ቤቱ ተከምሮ የነበረውን ሰነድ በሙሉ ከቁሓ ሆኜ መዝግቤ ጨርሼ ነበር። ሥራው መጠናቀቁ ሲታይ በኮቱ ስም የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈ፤ አድራሻውም «ለአቶ ትምኒት ኣባዲ» ይላል። ለእኔ ደግሞ በዚያው ቀን ከሥራ ገበታዬ ስለ መቅረቴ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ሁለቱንም ደብዳቤዎች መዝግቤ ፋይል ያደረግሁት እኔው ነኝ።

2ኛ. የስብሰባው ጉዳይ ነው። በድረ ገጹ በኩል ስብሰባ ገብቼ እጄን ባወጣ፣ ሰብሳቢው የትምኒት ቦታ መያዙን፣ ኮቱም ከጠረጴዛው አጠገብ በሥነ ሥርዓት ተቀምጦ እየተከታተለ መሆኑን ገልጸው ድምፄን ዘጉት። የቢሮ ኮምፒውተሬን ካሜራ ብከፍት ወንበሬ በቦታው የለም፤ ኮቱ ከነወንበሩ ወደ አዳራሹ ተገፍቶ ሄዷል። ከሁለት ስብሰባ በኋላ ከሴቶች ጉዳይ ኮሚቴ አባልነቴ ተነሣሁ፤ ኮቱ የወንድ ስለሆነ ኮሚቴው ላይ መቀመጡ አግባብ አይደለም ተብሎ ነው። በምትኩ የስፖርት ኮሚቴ አባል ሆኗል። በግማሽ ዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘናም «ከባልደረቦቹ ጋር ያለው ግንኙነት» በሚለው ረድፍ እኔ በሰባት ዓመት አገልግሎቴ አግኝቼው የማላውቀውን ከፍተኛ ውጤት አመጣ፤ ከሥሩ «አይከራከርም፣ ሻይ ብሎ አይወጣም፣ አለቃ ሲናገር አያቋርጥም» የሚል አስተያየት ተጽፏል። እውነቱን ለመናገር በዚህ ላይ መከራከሪያ አላገኘሁም።

3ኛ. ይህኛውን ስለምጽፍ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በኅዳር ወር የኮቱን የግራ እጅጌ ብል በላው። በካሜራው ሳየው ጮኼ ተነሣሁ፤ አባቴም ምን ሆንሽ ብሎ ደነገጠ፤ ዋሸሁት። የሰው ኃይል ክፍሉ ግን ፈጥኖ ደረሰ፤ ጉዳዩን በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ብሎ መዘገበና ለኮቱ የሕመም ፈቃድ ሰጠው። ፈቃዱንም፣ መመሪያው ኮት ከወንበር እንዲነሣ ስለማይፈቅድ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኖ እንዲጨርስ ተወሰነ። ክቡር ሆይ፣ አባቴ ዳሌው ተሰብሮ እኔ የተከለከልሁትን ፈቃድ ኮቱ እጅጌው ስለተበላ ማግኘቱን ሳነብ ሳቄ መጣ፣ ወዲያውም እንባዬ መጣ። ከዚያ ወጥ ልሠራ ተነሣሁ። ለኮቱ ስላሳዩት ርኅራኄ ግን ከልብ አመሰግናለሁ፤ አንድ የቤተሰባችን አባል እንኳ ፈቃድ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

4ኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ሌላው ሁሉ ይቅርና ወደ ዋናው ነገር ልግባ፣ እሑድ ደርሷል።

በጥር መግቢያ ኮቱ የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ ተብሎ ተመረጠ። ለዚህ በዓል ብቻ እርስዎ በአካል ተገኝተው እጅጌውን ጨብጠው ፎቶግራፍ መነሣትዎን ከላይ ገልጫለሁ፤ ጤነኛውን፣ የቀኙን እጅጌ መምረጥዎንም ልብ ብዬአለሁ። ችግሩ የመጣው ከበዓሉ ማግሥት ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ሃፍታይ የግማሽ ዓመቱን ቆጠራ ሲያካሂዱ፣ ምስጉን ሠራተኛ ይሁን እንጂ ኮቱ ከመስከረም ጀምሮ ከግቢው ወጥቶ እንደማያውቅ፣ ከግቢ ወጥቶ የማያውቅ ነገር ደግሞ ንብረት እንደሆነ ደረሱበትና አንገትጌው ላይ የንብረት ቁጥር ለጠፉበት። ኪሱንም ፈትሸው አባቴ ለልጅ ልጆቹ የሚይዛቸውን ከረሜላዎች አገኙ፤ እነርሱም «አላቂ ዕቃ» ተብለው ተመዝግበዋል። ቀለሙ እንደነገረኝ ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ቀንሷል። አላቂ መሆናቸውን አስቀድሞ መገንዘብ የቻለ ክፍል ስላለን እኮራለሁ።

የጽሕፈት ቤቱ ንብረት በር ለማለፍ የመውጫ ወረቀት ያስፈልገዋል። አቶ ሃፍታይን በስልክ ባነጋግራቸው፣ በትዕግሥትና በጨዋነት እንዲህ ብለው አስረዱኝ። ወረቀቱን መፈረም ያለበት ንብረቱ የሚገኝበት ወንበር ባለቤት ነው። የወንበሩ ባለቤት ትምኒት ናት። ትምኒት በሥራ ገበታዋ ላይ የምትወከለው በኮቱ ነው። ስለዚህ ኮቱ ይፈርም። ኮት መፈረም እንደማይችል በትሕትና ባነሣ፣ በተለይ የግራ እጅጌው ጉዳተኛ መሆኑን አስታውሰው ከእኔ ጋር ተስማሙ። በአካል መጥቼ እኔው ብፈርምስ ብላቸው፣ በአካል ከመጣሁ የርቀት ሠራተኛ መሆኔ እንደሚያበቃ፣ ያኔ ፋይሉ ተዘግቶ እንደ አዲስ እንደሚከፈት፣ ለዚያም የእርስዎ ፊርማ እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ። እርስዎ የት እንደሚገኙ ስጠይቅ የሰጡኝን መልስ እዚህ መድገም አያስፈልገኝም፤ ከላይ ስለ ልማዳችን በጻፍሁት ውስጥ ያገኙታል።

አሁን ስለ ሠርጉ። የምትዳረው የወንድሜ ልጅ ራሄል ናት፤ የአባቴ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ። ከወደቀ ወዲህ አባቴ ከግቢያችን ደጃፍ አልፎ አያውቅም፤ እሑድ ግን በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፎ ድንኳኑ ድረስ ሄዶ ቆሞ ሊመርቃት ወስኗል። ለዚህ ሲል ከገና ጀምሮ መቆም ይለማመዳል፤ የአልጋውን ራስጌ ይዞ ይነሣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ይቀመጣል፣ እንደገና ይነሣል። ኮቱን ሳይለብስ ግን አይወጣም። ወንድሜ የራሱን ኮት ቢያመጣለት የሰው ኮት አልለብስም አለ፤ ብርድ ልብስ ደርበን እንውሰድህ ብንለው ሕመምተኛ አይመርቅም፣ እኔ አባት ሆኜ ነው የምሄደው አለ። ግትር ነው፤ ልለውጠው አልችልም፤ ልለውጠውም አልፈልግም።

ቀን ቀን ካሜራውን ከፍቼ ኮቱን አሳየዋለሁ። ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያየዋል። ሰዎች በኮቱ ኪስ ወረቀት ሲጨምሩበት፣ ባለጉዳዮች ፊቱ ቆመው ሲያስረዱት አይቶ መጀመሪያ ይስቅ ነበር። አሁን አሁን አይስቅም። ትላንት ማታ እራት እያበላሁት «ጓለይ፣ ኮቴ ከሥራ መቼ ነው የሚገባው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጓለይ ማለት ልጄ ሆይ ማለት መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ እርስዎም የአገሬው ሰው ነዎት፣ እርስዎም የሴት ልጅ አባት ነዎት ሲባል ሰምቻለሁ። አለቃው ሲፈርም አልሁት። እርሱም አለቃው ምን እየሠራ ነው አለኝ። እዚህ ላይ ውሃ ላምጣ ብዬ ተነሣሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ካሉበት ሆነው፣ ኮቱ ለአንድ እሑድ ብቻ ከምስጉን ሠራተኝነቱ እረፍት ተሰጥቶት ወደ ቁሓ እንዲመጣ እንዲፈቅዱልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ሰኞ ጠዋት ከነንብረት ቁጥሩ ወንበሩ ላይ እንደሚገኝ ቃል እገባለሁ። በብል የተበላውን እጅጌ ሽሮ ቢነካው እኔ አጥባለሁ። ፊርማዎ በወረቀት መሆን የለበትም፤ ቀለሙ ያስተካከለው አሠራር ኃላፊዎችንም ያገለግላል፤ ካሉበት ድረ ገጹን ከፍተው ስምዎንና የይለፍ ቃልዎን ቢያስገቡ፣ የመውጫ ወረቀቱን ጠረጴዛዎ ላይ እንዳሉ ሆነው መፈረም ይችላሉ። ቀለሙ ለእርስዎ የከፈተው የይለፍ ቃል እስካሁን አንድ ጊዜም እንዳልተሞከረ፣ እንደ አዲስ ጫማ ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ነግሮኛል።

የቢሮ ትርጉም ቦታ ሳይሆን ሥራ መሆኑን ያስተማሩን፣ የሰውን ልጅ ከወንበር ነፃ አውጥተው ወንበሩን ለልብስ የለቀቁ፣ ስማቸው ከመግቢያው በር እስከ ደረጃው ራስ በሰሌዳ ተጽፎ እግራቸው ግን ለበዓል ካልሆነ ግቢውን የማይረግጥ ክቡር ኃላፊያችን፣ ዘመንዎ ይርዘም፣ ኮትዎን ብል አይንካው እያልሁ፣ ከምድር ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የማትገኘው ሠራተኛዎ
ትምኒት ኣባዲ
ቁሓ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል
ለስፖርት ኮሚቴ
ለኮቱ (በወንበሩ ላይ፣ እንዲያውቀው ያህል)

ድኅረ ጽሑፍ፦

ክቡር ሆይ፣ ከላይ ያለውን ጽፌ እንዳበቃሁ መብራት ጠፍቶ ደብዳቤው ሳይታተም ቀረ፤ ዛሬ እሑድ ማታ ነው፣ የሆነውን ልጨምርልዎ።

ዓርብ ጠዋት አባቴን ለጎረቤት አደራ ብዬ ራሴ መጣሁ። በር ላይ ጥበቃው ስሜን ጠይቆ መዝገቡን ካየ በኋላ አቶ ትምኒት ከማለዳ ጀምሮ ውስጥ እንዳሉ ነግሮኝ፣ መታወቂያዬን ይዞ የእንግዳ ባጅ ሰጠኝ። ወደ ወንበሬ ሄጄ ኮቱን ብነካው አቶ ሃፍታይ አጠገቤ ደርሰው የመንግሥት ንብረት በእንግዳ እጅ እንደማይነካ በጨዋነት ከለከሉኝ። ከዚያ ወደ እርስዎ ቢሮ ወጣሁ። ወይዘሮ ኣረጋሽ ከመስቀል ጀምሮ ለመጣው ሁሉ እንደሚሉት ኮትዎ መኖሩን፣ አሁን እንደሚመጡ ነገሩኝ። በሩ ክፍት ነበር፤ እውነትም ኮትዎ ወንበርዎ ላይ ነበር። ቆሜ ጉዳዬን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስረዳሁት። ስለ ራሄል፣ ስለ አልጋው ራስጌ፣ ስለ አባቴ ጥያቄ ነገርሁት። አላቋረጠኝም፤ እርስዎም ቢሆኑ ከዚህ የተሻለ አያዳምጡኝም ነበር። ወይዘሮ ኣረጋሽ በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ቆይተው ገቡና ኮትዎን ከወንበሩ አንሥተው፣ በመስኮቱ አቧራውን አራግፈው፣ አጥፈው እጄ ላይ አስቀመጡት። አንገትጌው ላይ የንብረት ቁጥር አልነበረም፤ አቶ ሃፍታይ በእርስዎ ኮት ላይ ሊለጥፉ አልደፈሩም። ጥበቃው ገልብጦ አይቶ፣ ቁጥር ስላጣበት አሳለፈኝ።

አባቴ መጀመሪያ የሰው ኮት ነው ብሎ እምቢ አለ። የማን እንደሆነ ሲሰማ ግን፣ እነርሱ የእኛን ከያዙ እኛ የእነርሱን መያዛችን ደንብ ነው፣ ይህ መያዣ እንጂ ልብስ አይደለም ብሎ ለበሰው። ትከሻው በልኩ ነው። እጅጌው ትንሽ ረዘመበት። ወዲያና ወዲህ ዳብሶት «ይህ ኮት እንኳ ሥራ የሠራ አይመስልም» አለ። ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ በወንድሜና በጎረቤታችን ትከሻ ተደግፎ ቆመ፤ ከዚያ ለቀቃቸው፤ ብቻውን ቆሞ ራሄልን መረቃት። ያየ ሁሉ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስሁ።

እንግዲህ በራስዎ መመሪያ መሠረት ኮቱ በወንበሩ ላይ ያልተገኘ ሠራተኛ እንደቀረ ስለሚቆጠር፣ ከዓርብ ጀምሮ ከሥራ መቅረትዎን ሳሳውቅዎ ሐዘኔ ጥልቅ ነው። ይህን ደብዳቤ ነገ ማለዳ በጽሕፈት ቤቱ ማተሚያዎች ሁሉ ከቁሓ ሆኜ አትመዋለሁ፤ የእርስዎ ቢሮ ማተሚያም አይቀርም። ኮትዎ በአባቴ ቁም ሣጥን ተሰቅሎ በደኅና ይገኛል፤ የአባቴ ኮት ከሥራ የገባ ዕለት እንመልሰዋለን። እስከዚያው ካሉበት ሆነው መሥራት ቢፈልጉ ቀለሙ አሠራሩን ያስተምርዎታል፤ አስቀድሞ ግን ሌላ ኮት ማስያዝ ይጠበቅብዎታል።